ባሕሩን ሁሉም አየ፤ ፓርኪንጉን ማን አየ? የሰርፍሳይዱ ሕንፃ ጉዳይ

ጁን 17 ቀን 2021 ፍሎሪዳ ውስጥ ሰርፍሳይድ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ አንድ ባለ ሦስት መኝታ አፓርታማ ተሸጠ። ዋጋው 710,000 ዶላር ነበር። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ እዚያው ሕንፃ ላይ ሰገነቱ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ያለው ትልቁ አፓርታማ፣ ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ገበያው ደርቶ ነበር።

ልክ በሳምንቱ፣ ጁን 24፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ላይ ሕንፃው ተደረመሰ። 98 ሰው ሞተ።

(ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን በእኛው አድርጌዋለሁ።)

ሻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ የሚባለው የዚህ ሕንፃ ታሪክ በዜናው ጊዜ ብዙ ተወርቶለታል። የሚወራው ግን ስለዚያች ሌሊት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያች ሌሊት በፊት ያሉት ሁለት ዓመት ከስምንት ወራት ናቸው። ምክንያቱም በነዚያ ወራት ሁሉ የሕንፃው ሕመም በወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር። መሐንዲስ መጥቶ አይቷል፣ ፎቶ አንስቷል፣ ዘገባ ጽፏል። አፓርታማዎቹም በዚያው ጊዜ ይሸጡ ነበር።

ቤት ሊገዙ የተነሱ ወዳጆቼን ስጠይቅ ሁሌም አንድ መልስ ይሰጡኛል፤ «ኢንስፔክሽን አስደርጌያለሁ።» ጥሩ። ግን ምኑን?

አሜሪካ ውስጥ አፓርታማ የሚገዛ ሰው የሚቀጥረው መርማሪ ጥቂት መቶ ዶላር ተቀብሎ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ማቀዝቀዣውን ያስነሳል። የውሃ ማሞቂያውን ዕድሜ ያነባል። ሶኬቶቹን በመሞከሪያ ይነካካል፣ ከመታጠቢያው ስር ጎንበስ ብሎ የሚንጠባጠብ ነገር ይፈልጋል፣ መስኮቱን ከፍቶ ይዘጋል። ከዚያ ፎቶ የሞላበት ወፍራም ዘገባ ይልካል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ከመግቢያ በርህ ወደ ውስጥ ነው። ከበርህ ውጭ ያለው፣ ማለትም ኮለኑ (ተሸካሚው ምሰሶ)፣ ሶሌታው (የአርማታው ወለል)፣ ጣሪያው፣ ምድር ቤቱ፣ የጋራ ነው። መርማሪው የጋራውን አያይም። ብዙ ጊዜ ውሉ ራሱ አላይም ይላል።

ኮንዶሚኒየም የሚለው ቃል ለእኛ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ «ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። ነገር ግን ቃሉ በሕግ የሚለው፣ ክፍልህ የግልህ ሲሆን ሕንፃው የሁላችሁ ነው ነው። ስትገዛ ሁለት ነገር ነው የገዛኸው። የምታየውን ክፍል ገዝተሃል፤ የማታየው አርማታ ላይም ድርሻ ገዝተሃል። ዕዳውም ላይ እንዲሁ።

ሻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ የተሠራው በ1981 ነው። 12 ፎቅ፣ 136 አፓርታማ። ፊቱ አትላንቲክ ውቅያኖስ፣ ጀርባው ኮሊንስ አቬኑ። ከመሬት ወለሉ ላይ መዋኛ ገንዳ አለ። በገንዳው ዙሪያ ወንበር የሚደረደርበት፣ አበባ የተተከለበት ሰፊ ወለል አለ። ያ ወለል ከላይ ሲያዩት ግቢ ነው። ከታች ሲያዩት ግን ጣሪያ ነው። ከስሩ የነዋሪዎቹ መኪና የሚቆምበት ፓርኪንግ አለ። የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ያለው እዚህች ቦታ ላይ ነው።

ማያሚንም ሰርፍሳይድንም የያዘው ካውንቲ፣ ማያሚ ዴድ፣ ከሌሎች ቀድሞ አንድ ጥሩ ሕግ ነበረው። አንድ ሕንፃ 40 ዓመት ሲሞላው መሐንዲስ ፈትሾት እንደገና መመስከር አለበት። ሕጉ ከሰማይ አልወረደም። በ1974 ማያሚ መሃል የፌዴራሉ ፀረ አደንዛዥ ዕፅ መሥሪያ ቤት ይሠራበት የነበረ ሕንፃ ተደርምሶ 7 ሰው ስለሞተ ነው የመጣው። የሰርፍሳይዱ ሕንፃ 40 ዓመቱ የሚሞላው በ2021 ነበር። የአፓርታማ ባለቤቶቹ ማኅበር ጊዜው ከመድረሱ በፊት እንዘጋጅ ብሎ በ2018 አንድ የምሕንድስና ድርጅት ቀጠረ። እስከዚህ ድረስ ማንም የሚወቀስበት ነገር የለም። እንዲያውም ሳይቃጠል በቅጠል ይሉታል እንዲህ ያለውን።

የመሐንዲሱ ዘገባ ኦክቶበር 2018 ላይ ወጣ። ጥቂት ገጾች ብቻ ናት። አብዛኛው የተለመደ ነው። በረንዳው ላይ ስንጥቅ፣ የግድግዳ ቀለም፣ ውሃ የሚያስገባ መስኮት። መሃሉ ላይ ግን ስለ ገንዳው ዙሪያ ወለል የተጻፈው ሌላ ነገር ነው። በወለሉ ውስጥ የተነጠፈው ውሃ መከላከያ ዕድሜውን ጨርሷል ይላል። ውሃው እየሰረገ ከስር ባለው የአርማታ ሶሌታ ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ፓርኪንጉ ውስጥ ኮለኖቹ፣ ቢሞቹና ግድግዳዎቹ በብዙ ቦታ ተሰነጣጥቀዋል፣ አርማታቸው ተገሽልጧል። ቀደም ሲል ስንጥቁን ለመድፈን የተደረገው ጥገናም አልያዘም።

ከዚያ ዋናው መጣ። ወለሉ ሲሠራ ጠፍጣፋ ነበር የተሠራው። ውሃ ወደ ማስወገጃው የሚወርድበት ተዳፋት የለውም። ስለዚህ የዘነበው ዝናብ እስኪተን ድረስ እዚያው ይተኛል።

ይህን ነጥብ ሳነብ ሳቄም ንዴቴም መጣ። አዲስ አበባ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ፎርማኑን የሚያስጨንቅበት ነገር አንድ ነው፤ «ሶሌታው ላይ ውሃ እንዳይተኛ!» ሊሾ ሲደረግ ባልዲ ውሃ ደፍቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚያይ አባት አውቃለሁ። እዚህ የሚሊዮን ዶላር አፓርታማ ያለበት ሕንፃ ላይ ያ ባልዲ አልተደፋም። መሐንዲሱም ይህን ዋና ስህተት ብሎ ጠራው። መከላከያው በቅርቡ ካልተቀየረ የአርማታው ጉዳት እየተባዛ በፍጥነት ይሰፋል ብሎም ጻፈ። ጥገናው በጣም ውድ እንደሚሆንና ነዋሪውን እንደሚረብሽም ጨመረበት።

አንድ ነገር ግን አልጻፈም። «ይህ ሕንፃ ሊወድቅ ነው» አላለም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ባሕር ዳር ላይ ውሃ ብቻውን አይመጣም። ጨው ይዞ ይመጣል። አርማታ ጤነኛ ሲሆን በውስጡ ያለውን ፌሮ እንደ ልብስ ሸፍኖ ከዝገት ይጠብቀዋል። ጨው ያለበት ውሃ በስንጥቁ ወይም በአርማታው ቀዳዳዎች ቀስ እያለ ሲገባ ያ ጥበቃ ይፈርሳል። ፌሮው መዛግ ይጀምራል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ ይልቅ ብዙ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ከውስጥ ሆኖ ይገፋል። አርማታው ይሰነጠቃል፣ ይላቀቃል፣ ይወድቃል። ስንጥቁ ሲሰፋ ውሃ የበለጠ ይገባል፣ ፌሮውም የበለጠ ይዝጋል። «እየተባዛ ይሄዳል» ማለት ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምንም አይታይም። ቀጥሎ ቡናማ ነጠብጣብ ይመጣል። ኋላ ግን ይፈጥናል። ቀለም ቀቢ አምጥቶ መሸፈን ይቻላል፤ ሥራው ግን ከስር ይቀጥላል።

ዘገባው ለማኅበሩ ቦርድ ደረሰ። ለከተማው የሕንፃ ክፍልም ተላከ። በኖቬምበር 2018 ነዋሪዎቹ ተሰብስበው የከተማው የሕንፃ ባለሥልጣን መጣላቸው። በስብሰባው ቃለ ጉባኤ ላይ የተመዘገበው ሕንፃው በጣም ጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ይመስላል የሚል ነው። ዘገባው ከአንድ ወር ትንሽ አለፍ ቢለው ነው። አሁን እናንተ ከነዋሪዎቹ አንዱ ናችሁ እንበል። በአንድ እጃችሁ ውድ ጥገና ያስፈልጋል የሚል መሐንዲስ አለ። በሌላው «ጥሩ ነው» የሚል ባለሥልጣን አለ። ለየትኛው ታጨበጭባላችሁ?

ቀጥሎ የመጣው ጭቅጭቅ ነው። በ2019 ከሰባቱ የቦርዱ አባላት አምስቱ ለቀቁ። ይህን ክፍል ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገኝም። በጋራ መኖሪያ ቤት ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ሊፍቱ ተበላሽቶ አምስተኛ ፎቅ ያለው ይጮኻል፣ አንደኛ ፎቅ ያለው «እኔ ሊፍት ምን ያደርግልኛል» ብሎ አይከፍልም። ሰርፍሳይድም ሰው ያው ሰው ነው። ልዩነቱ የገንዘቡ መጠን ላይ ነው።

ማኅበሩ ለጥገና ያጠራቀመው ገንዘብ አንድ ሚሊዮን ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። ሥራው የሚጠይቀው ግን በ2018 ግምት ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ በ2021 15 ሚሊዮን ደረሰ። ያን ጊዜ በፍሎሪዳ ሕግ የማኅበሩ አባላት በድምፅ ብልጫ «ዘንድሮ ለመጠባበቂያ አናዋጣም» ማለት ይችሉ ነበር። ብዙ ሕንፃዎች ለዓመታት እንዲህ ሲሉ ኖረዋል። ወርኃዊው ክፍያ ዝቅ ይላል፣ ደላላውም «ኮንዶ ፊው ትንሽ ነው» ብሎ ይሸጣል።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ያረጀ የባሕር ዳር ሕንፃ ወርኃዊ ክፍያው ከጎረቤቶቹ በጣም ካነሰ እኔ ደስ አይለኝም። እፈራለሁ። ሌሎቹ የሚከፍሉትን የሆነ ሰው እዚህ ሳይከፍለው ቀርቷል ማለት ነው። ያልተከፈለው ደግሞ አይጠፋም፤ ቀጣዩን ገዢ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ኤፕሪል 2021 የቦርዱ ሊቀመንበር ለባለቤቶቹ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ግልጽ ነበር። ከ2018 ወዲህ የአርማታው ጉዳት በፍጥነት እየባሰ ነው፣ ሥራው ከዚህ በላይ ሊቆይ አይችልም ይላል። ለእያንዳንዱ ባለቤት የደረሰው ድርሻ ባለ አንድ መኝታ ላለው ወደ 80,000 ዶላር፣ ለሰገነቱ ወደ 336,000 ዶላር ነበር። በአንድ ጊዜ የማይችል በ15 ዓመት ይክፈል ተባለ። የመወሰኛው ቀን ጁላይ 1 ነበር። ሕንፃው የወደቀው ከዚያ ቀን ሰባት ቀን ሲቀረው ነው።

መጀመሪያ ላይ ያነሳሁትን የ710,000 ዶላር ሽያጭ አስቡት። ውሉ ያለቀው በደብዳቤውና በመወሰኛው ቀን መካከል ነው። ገዢው ምን ያውቅ እንደነበር መናገር አልችልም። ሕጉ ያን ጊዜ ለገዢ ይሰጥ ያለውን ግን መናገር ይቻላል። የማኅበሩ መመሥረቻና መተዳደሪያ ደንብ፣ የሒሳብ መግለጫ፣ የተለመዱ ጥያቄዎችና መልሶች ያሉበት ወረቀት። የመሐንዲስ ዘገባ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ገዢ የ2018ቱን ዘገባ ለማየት መጀመሪያ እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር እንደሚችል መገመት ነበረበት። ከዚያ አፍ አውጥቶ መጠየቅ ነበረበት። የማያውቁትን ወረቀት መጠየቅ ደግሞ ከባድ ነው።

ወረቀቱ ባይገኝ ዓይን ነበር። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ፓርኪንጉ የተዘጋ ቦታ አልነበረም። መኪና የሚያቆም ሁሉ ያልፍበታል። ከመደርመሱ ሁለት ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ለገንዳው ሥራ ዋጋ ሊያወጣ የመጣ ባለሙያ ምድር ቤቱ ውስጥ የተኛ ውሃና አርማታ ለብሶት የነበረ የዛገ ፌሮ አይቶ ፎቶ አንስቷል። በ2015 አንዲት ባለቤት በውጭው ግድግዳ ስንጥቅ ውሃ እየገባ ቤቴን አበላሸብኝ ብላ ማኅበሩን ከስሳ ነበር። የፍርድ ቤት መዝገብ ክፍት ነው፤ የሕንፃውን ስም አስገብቶ የፈለገ ያገኘዋል። ግን ቤት ሊያይ የመጣ ሰው የሚወሰደው ወደ በረንዳው ነው። መጋረጃው ይከፈታል። ባሕሩ ይታያል። ከዚያ በኋላ ማን ነው ወደ ምድር ቤት ውረድ ቢባል ደስ የሚለው?

ስለ ሌሊቱ በአጭሩ። መጀመሪያ የወረደው ያ የገንዳው ዙሪያ ወለል ነው። ሕንፃው ከመውደቁ ደቂቃዎች በፊት መንገድ ላይ የነበሩ እንግዶች ፓርኪንጉ ውስጥ ውሃ ሲፈስና ፍርስራሽ ሲወርድ በስልክ ቀርጸዋል። አንዲት ነዋሪ በሌላ ከተማ ለነበረው ባሏ ደውላ ገንዳው አካባቢ ጉድጓድ ሆነ እያለች ሳለ ስልኩ ተቋረጠ። የሕንፃው መሃል ወረደ፣ ከሰከንዶች በኋላ በባሕሩ በኩል ያለው ክፍል ተከተለ። ከ136ቱ 55 አፓርታማ ያህል በደቂቃ ውስጥ ጠፋ። የፍለጋው ሥራ አንድ ወር ወሰደ። ከእስራኤል ጦር የነፍስ አድን ቡድን ድረስ መጥቶ አብሮ ቆፍሯል። ቆሞ የቀረውን ክፍል ጁላይ 4 ማታ ራሳቸው በፈንጂ አፈረሱት፤ ማዕበል እየመጣ ነበር።

አሁን ቆዩኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። መሐንዲሱ «ሊወድቅ ነው» አላለም ብያለሁ። ለምን?

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአጭሩ ኒስት፣ ለዓመታት ፍርስራሹን እያገላበጠ ሲመረምር ቆይቷል። እስካሁን ያወጣው ግኝት ገዢን ሁሉ ማስደንገጥ አለበት። የገንዳው ዙሪያ ወለል ገና በ1981 ሲሠራ፣ በዚያን ዘመን ሕግ እንኳ፣ ሊኖረው የሚገባው ጥንካሬ አልነበረውም። በአንዳንድ ቦታዎች ሕጉ ከሚጠይቀው ግማሹን ብቻ ነበር የሚችለው። ፌሮው በዲዛይኑ እንደተሳለው አልተቀመጠም። በላዩ ላይ ደግሞ በዲዛይኑ ያልነበሩ ከባድ የአበባ መትከያዎችና የአሸዋና የንጣፍ ድንጋይ ክብደት ተጨመረበት። ከዚያ ጨውና ዝገት መጡ።

በክረምት ድንኳን ላይ ውሃ ሲያቁር አይታችኋል? ሸራው ይወጠራል፣ ምሰሶው ያለበት ቦታ ላይ ጫና ይበዛል፣ አንድ ጊዜ ሸራው ይቀደድና ምሰሶው ወግቶ ይወጣል። ሸራው ነው የሚወርደው፤ ምሰሶው ቆሞ ይቀራል። ጠፍጣፋ ሶሌታ በኮለን ላይ ሲቀመጥ የሚፈራው እንዲህ ዓይነቱን ነገር ነው። ከፍርስራሹ ፎቶዎች ላይ ወለሉ ወርዶ ኮለኖቹ ብቻቸውን ቀጥ ብለው የቆሙበት ቦታ ይታያል።

ይህን የዲዛይን ጉድለት በዓይን ማየት አይቻልም። የ2018ቱ ፍተሻ በአመዛኙ በዓይን የሚደረግ ነበር። ስንጥቁን አየ፣ ውሃውን አየ፣ ዝገቱን ገመተ። ሶሌታው ከመጀመሪያው ደካማ መሆኑን ለማወቅ ግን የድሮውን የዲዛይን ወረቀት አውጥቶ ከነክብደቱ እንደገና ማስላት ይጠይቃል። አርማታውን በጥቂቱ ቆርጦ የጨው መጠኑን መለካት፣ ፌሮው የት እንዳለ በመሣሪያ መፈለግ ይጠይቃል። ቀላሉ መንገድ እንኳ አለ። መሐንዲሶች ሶሌታውን በመዶሻ መታ መታ ያደርጉታል፤ ጤነኛ አርማታ ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ከውስጡ የተላቀቀው እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። አንድ አፓርታማ የሚገዛ ሰው ይህን ሁሉ ከኪሱ ሊያስደርግ አይችልም፤ ፈቃዱም የማኅበሩ ነው። ስለዚህ የገዢው ሥራ ፍተሻውን ማስደረግ ሳይሆን መደረጉን ማጣራት ነው። ማን አደረገው? መቼ? በዓይን ብቻ ነው ወይስ ናሙና ተወስዷል? የታዘዘው ጥገና ተሠራ? ካልተሠራስ ገንዘቡ የታለ?

እኔ ብሆን ከነዚህ ሁሉ በፊት የምጠይቀው የሁለት ሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ነው። የመሐንዲስ ዘገባ ቋንቋው ደረቅ ነው፤ መረዳት ሊያቅት ይችላል። ቃለ ጉባኤ ግን ሰው ያወራዋል። «የጣሪያው ጉዳይ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ» የሚል ዓረፍተ ነገር በአምስት ስብሰባ ላይ ከተደገመ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? አምስት የቦርድ አባላት ለቀቁ የሚለውም የሚገኘው እዚያ ነው።

ከአደጋው በኋላ ነገሮች ተለወጡ። ፍሎሪዳ በሜይ 2022 ሕግ አወጣች። ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆነ ኮንዶሚኒየም 30 ዓመት ሲሞላው በመሐንዲስ ወይም በአርክቴክት ይፈተሻል። ለባሕር ቅርብ ለሆነው 25 ዓመትም ሊሆን ይችላል። ከዚያ በየ10 ዓመቱ። መጀመሪያ በዓይን ይታያል፤ ከባድ ነገር ከተጠረጠረ ወደ ጠለቀው ምርመራ ይገባል። ማኅበራት ለጣሪያ፣ ለዋናው አካልና ለውሃ መከላከያ የሚሆን መጠባበቂያ «አናዋጣም» ብለው መዝለል ተከለከሉ። ከሁሉ በላይ ለዚህ ጽሑፍ የሚመለከተን ግን፣ እነዚህ ወረቀቶች ከውሉ በፊት ለገዢው መድረስ አለባቸው ተባለ። ካየ በኋላ ጥቂት ቀን ውስጥ ሐሳቡን ቀይሮ መውጣት ይችላል።

ሕጉ ያለ ሥቃይ አልመጣም። በጡረታ የሚኖሩ ባለቤቶች በድንገት በአሥር ሺዎች ዶላር ክፈሉ ተብለው ቤታቸውን በርካሽ ለመሸጥ ተገደዋል። ስለዚህ አሁን ፍሎሪዳ ውስጥ ርካሽ የባሕር ዳር አፓርታማ ስታዩ ርካሽነቱ የዋጋ ቅናሽ ላይሆን ይችላል። ገና ያልተላከ ሒሳብ ሊሆን ይችላል።

ማያሚ ሩቅ ነው፣ እኛ ያለነው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ጉዳዩ እዚያም ደርሷል። ባንኮች የቤት ብድር ከሰጡ በኋላ የሚሸጡለት ፋኒ ሜይ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ስለ ኮንዶሚኒየሙ የተወዘፈ ጥገናና ስለ መጠባበቂያው ጠበቅ ያለ ጥያቄ እንዲጠየቅ አድርጓል። ሕንፃው ካላለፈ ደመወዝህና ክሬዲትህ ምንም ያህል ቢያምር ብድሩ ሊቀር ይችላል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያም ማኅበራት በየአምስት ዓመቱ የመጠባበቂያ ጥናት እንዲያሠሩ ያዛሉ። ያንን ጥናት ጠይቁት። ደላላው «እሱ አያስፈልግም» ካለ ሌላ ደላላ ፈልጉ።

ባሕር ዳር ላይ ለብቻው የቆመ ቤት የሚገዛ ሰው ሌላ ጣጣ አለበት። እዚያ ከአርማታው ይልቅ መሬቱ ራሱ ነው የሚሸሸው። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ሮዳንቴ በምትባል መንደር ከ2020 ወዲህ በርካታ ቤቶች ከነምሰሶዎቻቸው ባሕር ገብተዋል። ያ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ ሌላ ቀን።

የሰርፍሳይዱ የፍርድ ቤት ጉዳይ በ2022 ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ስምምነት አለቀ። ከፋዮቹ ጥፋተኛ ነን አላሉም። ለአፓርታማ ባለቤቶቹ ንብረት የተመደበው 96 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ባዶው መሬት 120 ሚሊዮን ዶላር ወጣለት፤ የገዛው ዳማክ የተባለው የዱባይ ኩባንያ ነው።

ጥቂት ራቅ ብሎ በዚያው ኮሊንስ አቬኑ ላይ ሻምፕሌይን ታወርስ ኖርዝ አለ። መንትያው ነው። በዓመቱ ገደማ የተሠራ፣ በአሠሪዎቹም በአሠራሩም የሚመሳሰል። ከአደጋው በኋላ ፈራ ተባ እያሉ ፈተሹት፤ ሰዎቹም እዚያው ኖሩ። ከደቡቡ የተሻለ ተጠብቆ ነበር። በዚያ አካባቢ የሚወጡ የአፓርታማ ማስታወቂያዎችን አንዳንዴ አያቸዋለሁ። ድሮ የመጀመሪያው መስመር ስለ ባሕሩ ነበር። አሁን ከባሕሩ አጠገብ ሌላ መስመር ገብቷል፦ «የ40 ዓመት ፍተሻው ተጠናቋል፤ ልዩ መዋጮ የለም።»